የደንገል ውታፍ

መስከረም 17 ቀን 2018

ይህ ደብተር ከፊቱ ሲከፍቱት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እኔ የምጽፈው ገልብጬ ከኋላው ነው። ሒሳቡ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ይቆማል። እኔና ትምህርት ቤት የተለያየነው እዚያ ላይ ነው፤ የመምህሩ ቦርሳ ውስጥ ነፍሱ ያልወጣ አምባዛ ተገኘ። ማን እንደከተተው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የምጽፈው ስልኬ ስለተሰበረ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። የግሩም በርሜል ፈሰሰ። ግሩም ማለት እንግዳ ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ ሦስት የሞተር ጀልባዎች ያሉት ሰው ነው። የሞተሮቹን የተቃጠለ ዘይት ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከሐይቁ ስምንት እርምጃ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ባጋደመው በርሜል ያጠራቅማል። ለምን ሲሉት «ለእንጨት ጀልባ መቀቢያ» ይላል። የእንጨት ጀልባ የለውም። ዛሬ ከደመራው ማግስት ሲመጣ በርሜሉ ባዶ ነው፤ የነበረው ሁሉ ደንገሉ ውስጥ ገብቷል።

ደንገሉ ደግሞ የእኛ ነው። ካርታ የለንም፤ ግን አባባ፣ ኢድሪስ ታንኳ ሠሪው፣ ከዚያ እየቆረጠ ነው ያሳደገን። የአባቱም አባት እንደዚያው።

ሄጄ አየሁት። ውኃው ላይ ቀስተ ደመና ተኝቷል፤ ሕፃናት «ያምራል» እያሉ ጠጠር ይወረውሩበታል። ከቀስተ ደመናው ሥር ግን ንፍጥ ነው። ጥቁር ንፍጥ። ሌላ ቃል ፈለግሁለት፤ የለም። የደንገሉን እግር እንደ ካልሲ አልብሶታል። እምቦጩ አንሶን ነበር!

የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሽ አዘዘ ደመራ ላይ በነጭ ሱሪ ታይተው ነበር። አዲስ ናት። አንዲት ነጥብ የለባትም። (ይህን ለምን እንደጻፍሁ አላውቅም።)

መስከረም 18

በችኮላ ነው። ግሩም ሲጮህ ዓባይ ማዶ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ክዳኑስ የት ሄደ? በእግሩ ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስዞር ደኅና ነበር» ይላሉ ጋሽ አዘዘ። ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል። መላጣቸውን ሳይ ዓይኔን ወደ ሌላ መለስሁ።

«ለጋራዥ ሸጠህ ሸጠህ የተረፈውን ለቀቅኸው!»

ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ጋሽ አዘዘ ዳርቻውን ብቻቸውን ያጸዳሉ። ከዚያ ወይ ክዳኑን የፈታውን ያመጣሉ፣ ወይ ጓዛቸውን ይዘው ትውልድ አገራቸው እንፍራንዝ ይገባሉ፤ ክሱም ይከተላቸዋል። እንፍራንዝ ማን አላቸው? ማንም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያድሩት እዚያው መጋዘን ነው።

ሰው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ሳቅሁ። «ጋሽ አዘዘ፣ ክዳኑን ጨጓራዎ ውስጥ ይፈልጉት፤ ሲያስሉ ይንኳኳል» አልሁ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔ ካልቀለድሁ ሰው ይጠረጥራል። ይገርመዋል ማለቴ ነው።

መስከረም 22

አንድ ይብራ ወጣ። ወፍ መሆኑን ያወቅነው ሲራመድ ነው። ክንፉ ተጣብቋል፤ በምንቁሩ ሊያጸዳው ሲል ዘይቱን ይውጣል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል፤ ያስመለሰውን ይረግጠዋል። 

ጋሽ አዘዘ መጋዘን ገብተው ያቺን ነጭ ሱሪ ይዘው ወጡ። ከመሐል ቀደዷት።

«ጋሽ አዘዘ፣ የደመራዋ እኮ ናት!»

«ደመራ አለፈ። ይህ ግን እየበረደው ነው። ና ክንፉን ያዝልኝ፣ ሙኽታር፤ ቀስ በል፣ አጥንቱ ክብሪት ነው።»

በነጭ ጨርቅ እየጠረጉ «አይዞህ የኔ ጌታ» ይሉታል። ወፉ ነው «የኔ ጌታ»። ግሩምንም እንደዚያው ነው የሚጠሩት፤ «ሁለታችሁ አንድ ማዕረግ ናችሁ» አልሁት ወፉን። ጋሽ አዘዘ እስኪያስላቸው ሳቁ። አሥር ሰዓት ላይ ወፉ ሞተ።

እጄን በአመድ፣ በኦሞ፣ በሎሚ ታጠብሁ። ጥፍሬ ሥር አለ። እንጀራ ስቆርስ ሞተር የምበላ ይመስለኛል።

መስከረም 28

ከኮሌጅ አንዲት ልጅ መጣች። ፀደንያ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ውኃ መመርመር ነው። ጓንት፣ ጠርሙስ፣ ረጅም ቦቲ ጫማ።

«የዚህ ሰፈር ልጅ ነህ?»

«እኔ? እኔ ጉማሬ ነኝ። ቀን ቀን ሰው እሆናለሁ።»

«እንግዲያው ጉማሬው ይህን ጠርሙስ ይያዝልኝ» አለች፣ ሳትስቅ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ጭቃው ላይ ዱላ ተከለችና ነቀለችው። ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል ስል ጥቁር አቀረረ። እንደ መግል። «ላይ ላይ ያለውን ነፋስና ፀሐይ ይወስዱታል» አለች። «ጭቃው የጠጣው ግን ተቀምጦ ይቆያል። በረገጣችሁት ቁጥር ይወጣል።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመታት። አግብተህ ልጅህ እዚህ ሊዋኝ ሲመጣም ይኖር ይሆናል።»

ማንን ነው የማገባው፣ ይህን ሽታ ይዤ።

ከዚያ እያሸገች «ለመሆኑ ከበርሜሉ እንዴት ወጣ?» አለች።

«ጉማሬ ከፈተው።»

«ጉማሬውስ አንተ ነህ» አለችና አሁን ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። 

ጥቅምት 3

እማዬ መሪማ ትባላለች፤ ወደብ አጠገብ ዓሣ ትጠብሳለች። ዛሬ አንድ ሹፌር ጎረሰና መሬት ላይ ተፋው። «እትዬ፣ ይህ ቀረሶ ዓሣ ነው ወይስ የአይሱዙ ጉበት?» አለ። በሌላ ጊዜ ይህን ቀልድ ሰርቄ አንድ ወር እኖርበት ነበር።

እማዬ መጥበሻውን ይዛ ሄዳ ደፋችው። የሚደፋ ነገር ሳይ አሁን አሁን መንገድ እቀይራለሁ።

ጥቅምት 9

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ። ዝናብ ነው፤ የኋላ ዝናብ፤ የምሄድበትም የለኝ።

ጠዋት ከአባባ ጋር ደንገል ልንቆርጥ ወረድን። ለዓሣ አጥማጁ ለአብዱልሃኪም አዲስ ታንኳ ማድረስ አለበት፤ አሮጌዋ ውኃ ጠጥታ ጠጥታ ከብዳለች። አባባ መጀመሪያ እንደ ልማዱ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ውኃ ዳር ተንበረከከ። እጁን ነከረ፣ አወጣ፣ አየው። ክንዱ ላይ ጥቁር አምባር ተቀምጧል። አሸዋ ዘግኖ ፈተገው፤ አልሄደም። እስከ ቤት ተመለሰና በጀሪካን የቧንቧ ውኃ ይዞ መጣ። ሐይቁ ዳር ተወልዶ፣ ሐይቁ ዳር አርጅቶ፣ ለውዱእ ጀሪካን ተሸከመ። ፊቱን ማየት አልቻልሁም።

ከላይ ንጹሕ የሚመስለውን ደንገል መርጠን ቆረጥን። ነዶውን በልጥ ስናስር ልጡ ይንሸራተታል። እንደገና እናጠብቃለን፤ እንደገና ይሾልካል። አባባ ጉልበቱን ነዶው ላይ ተክሎ በጥርሱ ሳበው፤ ከዚያ ተፋ፣ ተፋ፣ ተፋ። «ይህ ታንኳ አይሆንም። ሰው መሐል ሐይቅ ላይ ይበተናል» አለና የሦስት ሰዓት ሥራችንን ፈታው።

ከዚያ ነው፤ እግሩን ከጭቃው ውስጥ ሲነቅል አንድ ነገር አብሮ ወጣ። አነሣው። የደንገል ቁራጭ ነው፤ የአውራ ጣት ርዝመት፤ ልጣጩ ተልጦ ልቡ ብቻ የቀረ። በዘይት ጠቁሮ ተሟሽሿል። አንድ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጧል፤ ከቀኝ ወደ ግራ።

ዝናቡ ሲመጣ መጋዘኑ ጥግ ተጠለልን። ጋሽ አዘዘ አሉ። አባባ ቁራጩን መዳፉ ላይ እያንከባለለ አወራቸው።

«የእንጨት ጀልባ ሲያፈስ እኛ የሐይቅ ሰዎች ምን እናደርጋለን? የደንገል ልብ እንወትፋለን። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ራሱን ያጠብቃል። ከብረት ይበልጣል።»

«እሱስ ደግ ብልሃት ነው።»

«ውኃ ከሆነ ነው፣ አዘዘ። ዘይት ከሆነ አያብጥም። ይሟሽሽና ይወድቃል።»

«እንዴ፣ ዘይት ላይ የሚወትፍ ማን ቂል አለ?»

አባባ እኔን አላየኝም። እንዲያውም ይህን ሁሉ ሲናገር አንድ ጊዜ አላየኝም። ቁራጩን በኪሱ ከተተው።

እንደ እኔ ቢላ በግራ የሚይዝ ሰው በባሕር ዳር ብዙ ነው። መቼም እልፍ ይሆናል።

ጥቅምት 10

አባባ ያንን ቁራጭ መኝታዬ አናት፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። ምናልባት እሳት ማቀጣጠያ ሊያደርገው ለማድረቅ ይሆናል።

አልደረቀም።

ጥቅምት 19

ከከተማ የጽዳት ዘመቻ መጣ። አንድ ዓይነት ካኔተራ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የታሸገ ውኃ። ኦሞ በጆንያ አምጥተው ሐይቁ ላይ በተኑት! አረፋው ደንገሉን ዋጠው። ዘይቱ አልሄደም፤ እነሱ ግን ታጥቦ ነጭ ሆነ ብለው አጨበጨቡ። ከአረፋው ሥር ትንንሽ ዓሣዎች ሆዳቸውን ገልብጠው ወጡ።

ግሩም ነጭ ጓንት አድርጎ መንሽ ያዘ። ፎቶ ተነሣ። መንሹን ለጋሽ አዘዘ አቀበለ። እጁን በታሸገው ውኃ ታጠበ፤ ጭቃ ሳይነካ። «የሠራተኞቻችን ግድየለሽነት ነው፤ እርምጃ ወስደናል» አለ ማይክ ሲሰጡት። በርሜሉን ከውኃው ስምንት እርምጃ ላይ ያጋደመው ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀጥሎ ምን እንደሚጠየቅ ታየኝ።

ቢያንስ መኪናው ውስጥ የሞተ አምባዛ ላድርግለት ብዬ ነበር። ዓሣውን አነሣሁት። ሸተተኝ። መልሼ ጣልሁት። ቀልድ እንኳ ሸተተኝ፣ አቦ!

ጥቅምት 28

ሐይቁ እየጎደለ ነው፤ እንደ ወትሮው። በጎደለ ቁጥር ደንገሉ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። ዝናቡ ያጥበዋል ብለን፣ ማዕበሉ ያጥበዋል ብለን፣ አሁን ይኸው ሐይቁ ራሱ ወደ ኋላ እያለ «እዩት» ይላል።

ጋሽ አዘዘ በየቀኑ አንድ አንዱን ዘንግ ይፈትጋሉ። በቀን ስንት ይሆናል? አርባ? ደንገሉ ደግሞ ከፀጉር ይበዛል። ከሰዓት ከሰዓት አግዛቸዋለሁ። እማዬ «ምን አገኘህ፣ ለወትሮው ሥራ ሲያይ የሚያመው ልጅ?» ትላለች። ጋሽ አዘዘ «ልቡ እኮ ቅን ነው» ሲሏት ሰማሁ።

ቅን! ሄጄ ታጠብሁ። አልለቅ አለ።

ጥቅምት 30

የክረምት ጫማዬን አላደርግም። በውስጡ አንድ ነገር አለ። ብረት ነው፤ ክብ ነው፤ ጥርስ አለው። ከመስከረም 15 ጀምሮ አለ። በቃ ጻፍሁት፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅዳር 8

ጋሽ አዘዘ ጓዝ እያሰሩ ነው። ጓዙ ይህ ነው፦ አንድ ጋቢ፣ አንድ ሬዲዮ፣ የሚስታቸው ፎቶ፣ የሱሪዋ ግማሽ። ሌላው ግማሽ ወፎቹ ላይ አለቀ።

«ሬዲዮዋን ላንተ ልተውልህ» አሉኝ።

«ለምን? እኔ ምን አደረግሁ?»

«ኧረ እንዴት ያለ አነጋገር ነው! ምን አደረግህ! ዘጠኝ ዓመት ዘበኛ ስሆን ሰው አልፎኝ ይሄዳል፤ ግድግዳ ነኝ። አንተ ግን ወይ ኮፍያዬን ትደብቃለህ፣ ወይ ሽንብራዬን በጠጠር ትለውጣለህ። ሰው መሆኔን ያየኸው አንተ ነህ።»

 «ሬዲዮዋ ትንኮሻኮሻለች» አልሁ።

«ያልተንኮሻኮሸ ማን አለ?» አሉና ባትሪዋን መታ መታ አደረጓት።

ምነው እንደ ኮፍያቸው የሚመለስ ነገር ብቻ በሰረቅኋቸው!

ኅዳር 10

ነገርኋቸው።

እንደሆነው ልጻፈው፣ ሳላሳምር። ጋሽ አዘዘ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው፤ ፀሐይ ነው፤ ሽታው በፀሐይ ይብሳል። ፊት ለፊታቸው ቆምሁ።

«ጋሽ አዘዘ፣ በርሜሉን እኔ ነኝ።»

ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። «አንተ ደግሞ! ቀልድህ ለመሰነባበቻም አያልቅ?»

«ቀልድ አይደለም።»

«እሺ፣ እሺ። ባለፈው ለኮሌጇ ልጅ ጉማሬ ነው ብለህ የለ? አሁን ደግሞ ራስህ ሆንህ። ቁጭ በል፣ ቆሎ ብላ።»

አየህ? (ለማን ነው «አየህ» የምለው? ለደብተሩ።) አሥር ዓመት ሰው አሳቅሁ፤ ይኸው አሁን አንዲት እውነት ሳመጣ ቆሎ ሰጡኝ።

በፌስታል ይዤው የመጣሁትን የክረምት ጫማዬን ገለበጥሁ። ክዳኑን አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁት።

ቆሎው በጥርሳቸው መሐል ቆመ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርሁ። መስከረም 15 አመሻሹ ላይ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ልቀዳ መጣሁ። አግዳሚውን ልቀባ ነበር፤ ጠዋት ያቺን አዲስ ነጭ ሱሪ ለብሰው ሲቀመጡ መቀመጫዋ እንዲጠቁር። ደመራ ላይ ሰው ሁሉ ሲስቅ ታየኝ። ክዳኑን እንደፈታሁ ከወዲያ ሲያስሉ ሰማሁ። በድንግዝግዙ ክዳኑን መግጠም አልሆነልኝም፤ ደንገል ቆርጬ፣ ልጬ፣ ወተፍሁና ሮጥሁ። እንደሚያብጥ ነው ያሰብሁት። እኛ ቤት የሚያፈሰው ሁሉ በደንገል ይያዛል፤ ዘይትን ማን አስቦት? በበነጋው መልሼ እገጥመዋለሁ ብዬ ነበር። በበነጋው ደመራ ሆነ፤ ሰው በዛ፤ ረሳሁት። ረሳሁት! ሐይቅ ሲጠቁር እኔ ሸንኮራ እየላጥሁ ነበር።

ጋሽ አዘዘ ክዳኑን አገላበጡት።

«ሱሪዬን ነው የፈለግኸው?»

«ሱሪዎን ብቻ።»

«ለደመራ ነጭ ሆና ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ ደንገሉን አዩ።  ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዱላቸው አጠገባቸው ነው፤ ገፋ አድርጌ ወደ እጃቸው አስጠጋሁላቸው። አላነሡትም።

«ሃምሳ ሦስት ቀን» አሉ። «አጠገቤ ተቀምጠህ ስትፈትግ።»

ክዳኑን መለሱልኝ። «ይህን የምትሰጠው ለእኔ አይደለም።»

ኅዳር 11

ግሩም ዘንድ ሄድን። ከቤት ስወጣ አባባ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጫማውን አድርጎ። ጋሽ አዘዘ ነግረውት እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«አንድ ወር ጠበቅሁህ» አለኝ።  ከፊቴ ሄደ።

ግሩም ሲሰማ መጀመሪያ የሳቅ ነገር አደረገው፤ ከዚያ ክዳኑን አየና ገርጥቶ፣ ከዚያ ቀልቶ፣ «ወንበዴ! ዛሬውኑ ፖሊስ!» አለ።

አባባ «እኔ ነኝ የማስረክበው፤ እጁን ይዤ» አለ። «አዘዘ ግን ዘበኛ ነው፤ ሌባ አይደለም፤ ሌባ ያልኸውን በሰው ፊት እንደተናገርህ በሰው ፊት አንሣው። በርሜሉንም ከሐይቃችን አፍ አንሣ። ልጄ ክዳኑን ፈታ፤ አንተ ግን ሐይቅ ዳር አጋደምኸው።»

ሰው ተሰብስቦ ነበር። ፀደንያም ጠርሙሷን ይዛ ቆማለች። «ከበርሜሉ እስከ ውኃው ያለውን እርምጃ እኔ ለክቼዋለሁ፤ ሪፖርቱ ላይ አለ» አለች፣ ረጋ ብላ። ግሩም አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እንደ አምባዛ። ቀልዱ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥሁት። መራራ ነው ሲዋጥ።

«አጠፋህ ያልሁህን...» አለ ግሩም ለጋሽ አዘዘ፤ ቀሪውን በአፍንጫው ጨረሰው። ቢሆንም ሰው ሰምቷል።

ከዚያ ጋሽ አዘዘ ወደ በርሜሉ ጠቆሙኝ። ሄድሁ። ክዳኑን ባዶው በርሜል ላይ ገጠምሁት። አምስት ዙር ነው የሚጠብቀው። አምስት ዙር ብቻ!

ፀደንያ ስታልፍ «ጉማሬው» አላለችኝም። በስሜም አልጠራችኝም።

ኅዳር 16

ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሲጠሩኝ እቀርባለሁ። ሰፈር ውስጥ ስም ወጥቶልኛል፦ «ውታፉ»። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔ ራሴ ነበርሁ የማወጣው፤ ጥሩ ስም ነው።

ጠዋት ጠዋት ከአባባ ጋር የጠቆረውን ደንገል ከሥሩ እየቆረጥን ራቅ አድርገን እንቀብራለን። ከተቆረጠው ሥር አዲስ ቀንበጥ ብቅ ብሏል። አረንጓዴ ነው። ደስ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ ቅርፊቱን ገለጥሁት፤ ከውስጥ ጥቁር ይዞ ነው የወጣው። አባባ «ቁረጠው» አለ። ቆረጥሁት።

ጋሽ አዘዘ ሥራቸው ላይ ናቸው። ሬዲዮዋ ትንኮሻኮሻለች። ዛሬ ሳልፍ «ደኅና ዋሉ» አልሁ፤ «ደኅና ዋል» አሉኝ፣ እንደማንኛውም ሰው። ኮፍያቸው አጠገባቸው ነበር፤ አልነካሁትም።

ትንሽ ራቅ ብዬ ዞሬ አየሁ። ለዙር ተነሥተው ነበርና ሊቀመጡ ሲመለሱ ነው። አግዳሚው ጋ ደረሱ። ቆሙ። ከመቀመጣቸው በፊት ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ተቀመጡ።